የይርሳው መቀመጫ

(ደብረ ማርቆስ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፤ ነገ ጠዋት ተሳፋሪ ጭኖ አዲስ አበባ የሚሄደው አውቶቡስ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ቆሟል፤ ሾፌሩ ይርሳውና ኢንጂነር ልጁ ማስተዋል በሾፌሩ በር ሥር ተፋጠዋል።)

ይርሳው፦ መቀመጫዬን መልሺልኝ ብያለሁ፣ መልሺልኝ!

ማስተዋል፦ ኧረ ቀስ አባዬ! መንገደኛው ሌላኛው መቀመጫህ የጠፋ ይመስለዋል።

ይርሳው፦ ይምሰለው! ስንት ዘመን ተቀምጬበት ሁለቱ አንድ ሆነዋል። ሰው ቅዳሴ አስቀድሶ ሲመለስ ወንበሩ ተነቅሎ ይጠብቀዋል? ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይኸው ነው።

ማስተዋል፦ አልተቆረጠብህም፤ አዲስ ተተከለልህ እንጂ። አሮጌው ያውልህ፣ ግድግዳው ሥር። ስፖንጁ አልቆ ብረቱ አግጥጧል። የጋራዡ ድመት እንኳ አሽትታው ሄደች።

ይርሳው፦ ድመት መንጃ ፈቃድ የላትም፤ ስለ ሾፌር ወንበር ምን ታውቃለች? ለመሆኑ ማን ፈቀደልሽ?

ማስተዋል፦ ባለንብረቱን ጠየቅኩት። «አባትሽን ከተመቸው እኔ ምን ቸገረኝ» አለ።

ይርሳው፦ አውቶቡሱ የእሱ ነው፤ ጀርባው የእኔ ነው። እኔን የጠየቀኝ አለ?

ማስተዋል፦ ብጠይቅህ እሺ ትለኝ ነበር?

ይርሳው፦ አልልም።

ማስተዋል፦ ለዚያ ነዋ ያልጠየቅኩህ። ቆይ እስቲ… የቀኝ ጫማህ የማን ነው?

ይርሳው፦ የማን ይሆናል? የእኔ ነዋ።

ማስተዋል፦ የአንተስ የግራው ነው። ያኛው ማሰሪያ አለው፣ ይኼኛው የለውም። ደግሞ ተረከዙን ረግጠኸዋል።

ይርሳው፦ ወይ ጉድ! ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተቀያይሮብኝ ነው። ከመሪጌታ ጋር እያወራሁ እግሬን ዝም ብዬ ሰደድኩት።

ማስተዋል፦ የልጅ ጫማ ያህላል እኮ! እንዴት ብሎ ገባልህ?

ይርሳው፦ ከተባረከ ደጅ የተነሳ ጫማ ለማን ይጠባል?

ማስተዋል፦ የጫማው ባለቤት ደግሞ ይሄኔ የአንተን እየጎተተ «የማን ጀልባ ነው?» ይላል።

ይርሳው፦ ሲጨንቀው ይመልሰዋል። አንቺም ወሬ አታስለውጪኝ። ወንበሬን!

ማስተዋል፦ አባዬ፣ ምን እንደሆነ ሳታውቅ እኮ ነው የምትቆጣው።

ይርሳው፦ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል። የእኔ ሰይጣን ያው ግድግዳው ሥር ነው፣ አምጪልኝ።

ማስተዋል፦ መጀመሪያ ስማኝ። ከወንበሩ ሥር ንዝረቱን የምትሰማ ትንሽ ሴንሰር አለች። ወለሉ ወደ ላይ ሊዘል ሲል ታውቅና ለሞተሩ ትነግረዋለች፤ ሞተሩ ወንበሩን ያንኑ ያህል ወደ ታች ይስበዋል። ወለሉ ሲወርድ ደግሞ ከፍ ያደርገዋል። መንገዱ ይዘላል፣ አውቶቡሱ ይዘላል፣ አንተ ግን ባለህበት ትቀራለህ።

ይርሳው፦ እንደ እናትሽ በይኛ! እኔ ስነሳ ትቀመጣለች፣ እኔ ስቀመጥ ትነሳለች። ይኸው አርጅተን አልተጋጨንም።

ማስተዋል፦ አዎ፣ እናቴን ነው የሠራሁት። በባትሪ።

ይርሳው፦ ባትሪ የማትፈልገዋ እያለችልኝ ለምን ደከምሽ?

ማስተዋል፦ መጀመሪያ ላብራቶሪ ውስጥ የሠራነው ለአንተም አልነበረም፤ ለአምቡላንስ ነበር። ተንጠልጣይ አልጋ። ምጥ የያዛት ሴት በኮረኮንች መንገድ ስትመጣ እንዳትናጥ ብለን። አልጋው ላይ ውሃ የሞላ ብርጭቆ አስቀምጠን ኮረኮንቹን ነዳነው፤ ጠብ አላለም። ሁሉም ሲያጨበጭብ እኔ ያሰብኩት የአንተን ጀርባ ነው።

ይርሳው፦ እኔ ምጥ አልያዘኝም።

ማስተዋል፦ ጠዋት ከአልጋህ ስትነሳ የሚሰማህ ሰው እንደዚያ አይልም። ልጅ ሆኜ ትዝ ይለኛል፤ ከመንገድ ስትመጣ ፍራሹን ትተህ መሬት ላይ ትጋደማለህ። እናቴ «አባትሽ መሬት ይወዳል» ትለኝ ነበር። ወድደህ ይመስለኝ ነበር እኮ!

ይርሳው፦ ያልከዳኝ መሬት ብቻ ነው።

ማስተዋል፦ የተማርኩት ለዚያ ነው። ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው። ጀርባህ ተርፎ ጡረታ እስክትወጣ እንድትነዳ ብዬ ነው ይሄን ሁሉ ዓመት ብረት ስቀጠቅጥ የኖርኩት።

ይርሳው፦ አውቃለሁ ልጄ። አውቃለሁ። ግን አልቀመጥበትም።

ማስተዋል፦ ለምን?

ይርሳው፦ ሾፌር በዓይኑ የሚያየው ግማሹን ነው። ግማሹን የሚነግረው መቀመጫው ነው። ጎማ ሲተነፍስ በመቀመጫዬ አውቃለሁ። ባሌስትራ ሲሰነጠቅ በመቀመጫዬ አውቃለሁ። ደጀንን አልፌ አባይ በረሃ ቁልቁል ስገባ አውቶቡሱ ከሥሬ ሆኖ ያወራኛል። አንቺ የሠራሽልኝ ወንበር አይደለም፤ የጆሮ መድፈኛ ነው።

ማስተዋል፦ ያ ወሬ ነው ወገብህን የሰበረው።

ይርሳው፦ ይስበረው። ሰባሪም ቢሆን ወዳጅ ነው፤ እውነቱን ይነግረኛል።

ማስተዋል፦ ጎማውን መሪው ይነግርሃል፣ ሞተሩን ጆሮህ ይነግርሃል፣ ፍሬኑንና ነዳጁን እግርህ ይነግርሃል። መቀመጫው ሲለወጥ የሚቀርብህ ድብደባው ብቻ ነው።

ይርሳው፦ እግር… እግርማ ምን ይናገራል። እሺ፣ እንዲህ እናድርግ። እናትሽ ከቢቸና ትመለስ፤ እሷ ባለችበት እሞክረዋለሁ። ለነገ አሮጌውን ግጠሚልኝ።

ማስተዋል፦ እናቴንና ወንበሩን ምን አገናኛቸው?

ይርሳው፦ እንዲያው። ስታይ ደስ ይላታል ብዬ ነው።

ማስተዋል፦ የእህቷን ልጅ ልታርስ ነው የሄደችው፣ ልጁ ክርስትና ሳይነሳ አትመጣም። ደግሞስ ምን ነክቷት ነው ከዓመት ወዲህ በየጉዞህ አብራህ የምትሄደው? አዲስ አበባ ሄዳ አድራ ትመለሳለች። ጉዳይ የላት፣ ዘመድ አትጠይቅ።

ይርሳው፦ ባሏን ወድዳ ነዋ። ቀናሽ?

ማስተዋል፦ ረዳትህ አጫውቶኛል። ከኋላህ ትቀመጥና ቁልቁለት በመጣ ቁጥር «ይርሳው በሞቴ! ይርሳው በሞቴ!» እያለች ተሳፋሪውን በሳቅ ትፈጀዋለች አሉ። አውቶቡሱን «ባለ ሁለት ሾፌር» ብለው ስም አውጥተውለታል።

ይርሳው፦ ይሳቁ። መንገድ ያለ ሳቅ ይረዝማል። ያ ልጅ ግን አፉ ሰፊ ነው።

ማስተዋል፦ ምነው ፊትህ ተለዋወጠ? ቀልድ እኮ ነው።

ይርሳው፦ ፀሐዩ ነው። ነይ፣ ወንበሬን ግጠሚልኝ፣ አታድርቂኝ።

ማስተዋል፦ አንድ ነገር ብቻ። መንዳት የለም። እዚሁ እንደቆመ ውጣና ተቀመጥ፣ ሞተሩን አስነሳ፤ አንድ ጊዜ አብርቼ አሳይሃለሁ። ካልወደድከው በገዛ እጄ ነቅዬ የአንተን ሰይጣን እመልስልሃለሁ። በአባትህ አጽም!

ይርሳው፦ አባቴን ተይልኝ፣ በሰላም ይረፍ። እሺ። አንድ ጊዜ። ዞር በይ ልውጣ።

ማስተዋል፦ እግርህን በእጅህ ነው እንዴ የምታነሳው?

ይርሳው፦ ሱሪዬን ሰብስቤ ነው። ዘይት እንዳይነካው፣ የቅዳሴ ሱሪ ነው። በይ፣ ተቀመጥኩ። ይኼ ሁሉ ሽቦ ምንድን ነው? የቴሌ ሠራተኛ አደረግሽኝ እኮ።

ማስተዋል፦ አትነካካው። እኔ ከዚህ ከጎንህ ደረጃው ላይ ነኝ። አስነሳው።

ይርሳው፦ በስመ አብ። ይኸው ተነሳ። ታያለሽ? አሁን ከሥሬ እያወራኝ ነው። ሦስተኛው ሲሊንደር ትንሽ ያስለዋል፣ ይሰማኛል። ወገቤም «ሰላም ነው?» እያለው ነው።

ማስተዋል፦ አሁን ላበራው ነው። አንድ፣ ሁለት…

ይርሳው፦ ምነው አጠፋሽው?

ማስተዋል፦ ምኑን?

ይርሳው፦ ሞተሩን!

ማስተዋል፦ ሞተሩ አልጠፋም። ስማው።

ይርሳው፦ … ወይ አንቺ ልጅ!

ማስተዋል፦ መሪውን ያዘው። እየተንቀጠቀጠ አይደለም? አንተ ብቻ ነህ ጸጥ ያልከው።

ይርሳው፦ ወገቤ… ማስተዋል፣ ወገቤ የት ሄደ?

ማስተዋል፦ አለ አባዬ። ዝም ብሎ ነው።

ይርሳው፦ እንዲህ ነው እንዴ ሰው የሚቀመጠው? ተሳፋሪ፣ ጸሐፊ፣ ዳኛ፣ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው እንዴ ሲቀመጥ የኖረው?

ማስተዋል፦ እያለቀስክ ነው?

ይርሳው፦ ጭሱ ነው። ይኼ ጋራዥ ጭሱ አይጣል። እግዜር ይስጥሽ ልጄ። እጅሽ ይባረክ። እኔ እኮ ሕመሙን እኔ ነኝ ብዬ ነበር የኖርኩት።

ማስተዋል፦ አሁን ነዳጅ ስጠው። ሞተሩ ሲጮህ ወንበሩ እንዴት እንደሚሆን ላሳይህ።

ይርሳው፦ ይኸው።

ማስተዋል፦ ጨምር… ጨምር… ጎበዝ። ምንም አልተሰማህማ?

ይርሳው፦ ምንም! ደመና ላይ ነኝ።

ማስተዋል፦ በቃ፣ ልቀቀው።

ይርሳው፦ ለቀቅኩት።

ማስተዋል፦ ልቀቀው እንጂ አባዬ፣ ሞተሩ ይቃጠላል!

ይርሳው፦ ለቅቄዋለሁ እኮ! ምን ሆነ? ገመዱ ነው፣ የነዳጁ ገመድ ተጣብቋል! ለሜካኒኩ ነግሬው ነበር!

ማስተዋል፦ አባዬ፣ ገመዱ አይደለም።

ይርሳው፦ ሽቦሽ ነው እንግዲያ! አንዱ ሽቦሽ ጠልፎታል!

ማስተዋል፦ አይጥ በበላ ዳዋ አይመታ። ወደ ታች ተመልከት።

ይርሳው፦ ምኑን ነው የምመለከተው?

ማስተዋል፦ እግርህን። ሙሉ በሙሉ ረግጠኸዋል። ቁልፉን ልዝጋው። ይኸው። ጠፋ።

ይርሳው፦ ጫማው ነው። የሰው ጫማ ስለሆነ አልለመድኩትም።

ማስተዋል፦ የሰው ጫማ መሆኑንስ ማን ነገረህ? እኔ ነኝ። ከቤተ ክርስቲያን እዚህ ድረስ የልጅ ጫማ አድርገህ በእግርህ ስትመጣ እግርህ አልነገረህም።

ይርሳው፦ ከመሪጌታ ጋር እያወራሁ ነበር አልኩሽ።

ማስተዋል፦ ከመቼ ጀምሮ ነው?

ይርሳው፦ ምኑ?

ማስተዋል፦ አባዬ!

ይርሳው፦ ማስተዋል ብዬ ስም ያወጣሁልሽ በገዛ እጄ ወጥመድ ስሠራ ነው ለካ።

ማስተዋል፦ ከመቼ ጀምሮ?

ይርሳው፦ መች እንደጀመረ እንጃ። መጀመሪያ ጣቶቼ ላይ ጉንዳን የሚሄድ መሰለኝ። ከዚያ ጉንዳኑም ሄደ። ከዚያ ውስጥ እግሬ ጠፋ፤ ከዚያ እስከ ቁርጭምጭሚቴ። ወጌሻው ከወገብህ የመጣ ነው አለኝ፣ አሸኝ፣ ቅቤም ቀባኝ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ፤ የእኔ እግር ግን ቀስ በቀስ እንቁላል ሆነ። አለ፣ ይታያል፣ ግን የለም።

ማስተዋል፦ ሐኪም አላየህም?

ይርሳው፦ ሐኪም ዘንድ ከሄድኩ «መንዳት አቁም» ይለኛል። የሚለኝን ካወቅኩ ለምን እሄዳለሁ?

ማስተዋል፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ስትለን አይደል ያሳደግከን?

ይርሳው፦ ለእናንተ ነዋ። ምክር ለልጅ ነው።

ማስተዋል፦ እንዴት ነው ታዲያ የምትነዳው? የረገጥከውን ሳታውቅ እንዴት?

ይርሳው፦ በመቀመጫዬ ነዋ! ይኸው ስንት ጊዜ ነገርኩሽ። ነዳጅ ስረግጥ ሞተሩ ከሥሬ ይነዝራል፤ ስለቅ ይረጋል። ፍሬን ስይዝ ወንበሩ ወደ ፊት ይገፋኛል፤ በገፋኝ ልክ ስንት እንደያዝኩ አውቃለሁ። እግሬ ደንቆሮ ነው፣ መቀመጫዬ ግን ይሰማል። አንቺ ደግሞ መጥተሽ እሱንም አደነቆርሽው።

ማስተዋል፦ እግዚአብሔር ያሳይህ! እኔ እኮ ላድንህ ነበር የመጣሁት።

ይርሳው፦ አውቃለሁ። ለዚያ ነው የጨነቀኝ። ወንበርሽ መጥፎ ቢሆን ኖሮ ስቄ እነቅለው ነበር። ደግ ነገር ሠርተሽ ነው የያዝሽኝ።

ማስተዋል፦ እናቴ ታውቃለች?

ይርሳው፦ የፈላ ውሃ እግሬ ላይ ደፍታብኝ ነው ያወቀችው። እሷ ጮኸች፣ እኔ ወሬዬን ቀጠልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ጉዞ አልቀረባትም።

ማስተዋል፦ «ይርሳው በሞቴ»…

ይርሳው፦ አንድ «በሞቴ» ካለች ነዳጁን ልቀቅ ማለቷ ነው። ሁለት ጊዜ «በሞቴ በሞቴ» ካለች ፍሬኑን ያዝ። እግሬን ከኋላ ታየዋለች። ተሳፋሪው ሚስቱን ፈርቶ ነው ብሎ ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ምን ላድርግ?

ማስተዋል፦ እኔ ላብራቶሪ ውስጥ ሴንሰር የምትባል ነገር ቶሎ እንድትሰማ ብዬ እንቅልፍ ሳጣ፣ እናቴ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ ያንኑ ሥራ ትሠራ ነበር። ሰው እየሳቀባት።

ይርሳው፦ ያውም ያለ ባትሪ።

ማስተዋል፦ አትቀልድ! አትቀልድብኝ አባዬ፣ ፈርቻለሁ። ብታንቀላፋስ? ብታስነጥስስ? ዞር ብላ ለሰው ሰላምታ ብትመልስስ? አባይ በረሃ ላይ እኮ ነው!

ይርሳው፦ አታንቀላፋም። ከዓመት ወዲህ መኪና ላይ ዓይኗን ከድና አታውቅም። አዲስ አበባ ስንደርስ ነው የምትተኛው፣ ያውም ሳትበላ።

ማስተዋል፦ እየነገርከኝ ያለኸው ይሰማሃል? እየገደልካት እኮ ነው። ያንን ሁሉ ሕዝብ ጭነህ።

ይርሳው፦ እስከ ዛሬ ዶሮ ገጭቼ አላውቅም!

ማስተዋል፦ ዶሮዋ እናቴን ታመስግን።

ይርሳው፦ አፍሽ ስለት ነው። እንደ እሷ።

ማስተዋል፦ ቁልፉን ነቅዬ ይዤዋለሁ፣ አልመልስልህም።

ይርሳው፦ ማስተዋል።

ማስተዋል፦ አልመልስም። ለባለንብረቱ ደውዬ ሌላ ሾፌር ይፈልግ እለዋለሁ።

ይርሳው፦ እና እኔ ምን እሆናለሁ? ንገሪኛ። ጠዋት ተነስቼ የት እሄዳለሁ? ፀሐይ ልሞቅ? መናኸሪያ ስገባ ሰው ሁሉ «ጋሽ ይርሳው» ብሎ የሚነሳልኝ ለዚህ መሪ ነው። መሪውን ከወሰድሽብኝ ምን ይተርፈኛል? ወገቡ የታመመ፣ እግሩ የሞተ፣ ሰው ቤት ለቅሶ የሚደርስ ሽማግሌ። አባቴ ይርሳው ሲለኝ ሐዘኑን ይርሳው ማለቱ ነበር፤ እግሬ ቃል በቃል ወሰደው። አሁን ደግሞ መንገዱም ይርሳኝ?

ማስተዋል፦ እኔ አልረሳህም።

ይርሳው፦ እፈራለሁ ልጄ። ከገደሉ ይልቅ ቤት መቀመጡን ነው የምፈራው። ይኸው፣ አልኩት።

ማስተዋል፦ እስቲ ይህን ጫማ ላውልቅልህ። ልግባ፣ መሪውን ያዝ አድርግ። ጎንበስ ልበል።

ይርሳው፦ ተይው፣ አላመመኝም።

ማስተዋል፦ የሚያስፈራኝስ እሱ አይደል? ቆይ… አባዬ!

ይርሳው፦ ምነው?

ማስተዋል፦ ተረከዝህ ተልጦ ደምቷል። ካልሲህ ረጥቧል።

ይርሳው፦ የትኛው?

ማስተዋል፦ የትኛው ትላለህ? ወይኔ አባቴን! ጠጠርም ገብቶበታል፣ ይሄን ያህል ጠጠር። ቆይ በነጠላዬ ልጥረገው። አትንቀሳቀስ።

ይርሳው፦ ነጠላሽን ታበላሺዋለሽ።

ማስተዋል፦ ይበላሽ።

ይርሳው፦ ልጅ ሆነሽ እሾህ ሲወጋሽ እኔ ነበርኩ እንዲህ ተንበርክኬ የማወጣልሽ። ታለቅሺ ነበር። አሁን ዞረ። የተወጋው አያለቅስ፣ የሚያወጣው ያለቅሳል።

ማስተዋል፦ እያለቀስኩ አይደለም። ጭሱ ነው።

ይርሳው፦ እሱ ጭስ የእኔ ነበር። ስሚኝ፣ እዚያው ሆነሽ ስሚኝ፣ አትቆጪ። አቆማለሁ። በእግዚአብሔር ስም አቆማለሁ። ግን ዛሬ እንደ ሌባ ተይዤ አይደለም። ነገ አንድ ጊዜ ልሂድ። የመጨረሻ። ደጀን ላይ ቆሜ ሻይ የምትሸጥልኝን ሴትዮ ልሰናበት፣ ጎሐ ጽዮን ላይ ለጓደኞቼ «ከእንግዲህ መንገዱ የእናንተ ነው» ልበል፣ መሪውን በገዛ እጄ ላስረክብ። ሰው እንደ ሰው ይውረድ እንጂ።

ማስተዋል፦ ያለ እናቴ?

ይርሳው፦ አንቺ አለሽልኝ! አሮጌውን ወንበር ትመልሺልኛለሽ፣ አንቺ ከኋላዬ እናትሽ ቦታ ትቀመጫለሽ። እግሬን ታይልኛለሽ። ቀላል ነው፣ አስተምርሻለሁ። ይኸው አሁን አባይ በረሃ አፋፍ ላይ ደረስን እንበል። ከባድ ማርሽ አስገባሁ። ቁልቁል ጀመርኩ። በግራ ገደል፣ በቀኝ ዝንጀሮ። አውቶቡሱ ትንሽ ሮጥ ሲልብሽ፣ እግሬ ነዳጁ ላይ እንዳለ ስታይ፣ ምን ትያለሽ? እንደ እናትሽ በይው እስቲ። … በይው እንጂ! ምነው ዝም አልሽ? ማስተዋል?

ማስተዋል፦ በሞቴ… በሞቴ አባዬ።

ይርሳው፦ እንዲያ ነዋ! ልክ እንደ እሷ! ድምፅሽ ራሱ እሷን! ይኸው ቻልሽበት፣ ነገ እንሄዳለን!

ማስተዋል፦ እየተለማመድኩ አይደለም አባዬ፤ እጄን ረግጠኸዋል።